ሮኬት የሚያከራዩ ሰዎች

በሕይወቴ ስለ ሮኬት በአደባባይ የተናገርሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን ሳስታውስ እስከ ዛሬ አፌን መጉመጥመጥ ያሰኘኛል። ሰው አጨብጭቦልኛል። ጥሩም ተናግሬ ነበር። የሚያቅለሸልሸኝ ደግሞ ይኸው ነው፤ ጥሩ መናገሬ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ካለፈ በኋላ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከዱርቤቴ መጥቼ፣ ባሕር ዳር ተምሬ፣ እዚያው የፊዚክስ አስተማሪ ሆኜ ተቀጠርሁ። ከሁለት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ሴቶች ጋር አንድ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። እነሱ ስለ ባልና ስለ ልጅ ሲያወሩ እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሶቪየት ኅብረት ሄጄ መማር። በየዓመቱ ሁለት ሦስት ሰው ከከተማችን ይሄዳል። ማን እንደሚሄድ የሚወስነው ግን ፈተና አልነበረም።

በትምህርት ቤታችን የቤተ ሙከራው ኃላፊ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ዲግሪም ዲፕሎማም የላቸውም። ደቅ ደሴት ተወልደው፣ አባታቸው መሪጌታ ስለነበሩ ልጅነታቸውን ባሕረ ሐሳብ ሲያሰሉ አሳለፉት። ከዚያ ወደ ከተማ ተሻግረው ከውጭ አገር መምህራን ሥር ገቡና ሽቦ መበየድ፣ ሌንስ መወልወል፣ የተጣመመ ሚዛን ማቃናት ለመዱ። እኛ በመጽሐፍ ያነበብነውን እሳቸው በጣታቸው ያውቁታል። ተማሪ ፊት ቆሜ ሙከራው እምቢ ሲለኝ ከኋላዬ ቀስ ብለው ይመጡና አንዲት ሽቦ ነካ አድርገው ይሄዳሉ። አንድም ቀን አሳፍረውኝ አያውቁም።

ጋሼ ሬዲዮ ያዳምጡ ነበር። ከሥራ እንደወጡ ቤታቸው ይገቡና ጆሯቸውን ሬዲዮው ላይ ለጥፈው የውጭ ጣቢያ ይፈልጋሉ። ፖለቲካ አልነበረም የሚፈልጉት፤ የሮኬት ወሬ ነው። ጥቁር ሽፋን ያለው አንድ ወፍራም ደብተር ነበራቸው። የትኛው ሮኬት መቼ እንደተተኮሰ፣ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሰው፣ በዚያ የቆሎ ተማሪ ጽሕፈት በሚመስል ጥንቁቅ የእጅ ጽሑፋቸው ይመዘግባሉ። ከቀኑ ጎን «ወጣ» ወይም «ወደቀ» ብለው ይጽፋሉ። የወደቀ እንደሆነ ምክንያቱን በቀይ ቀለም ያክሉበታል።

የሁሉንም መንግሥታት ሮኬት ይመዘግቡ ነበር፤ ልባቸው ያረፈው ግን በአንድ የሩቅ አገር ኩባንያ ላይ ነው። ኩባንያው መንግሥት አይደለም። ሮኬት አሠርቶ የሌላውን ሳተላይት በኪራይ ሰማይ የሚያደርስ ነጋዴ ነው። እንዲህ ያለ ንግድ በዚያን ጊዜ ለዓለምም አዲስ ነበር። እኔ ነገሩ ስላልገባኝ ሮኬት እንዴት ይከራያል ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የጎርጎራውን ጀልባ አታውቂውም?» አሉኝ። «እህሉ የባለ ጀልባው አይደለም፣ በጎቹም የሱ አይደሉም። ይጭናል፣ ያሻግራል፣ ያራግፋል፣ ይመለሳል። እነዚህም እንደዚያ ናቸው። ልዩነቱ የነሱ ጀልባ አይመለስም።»

አንድ ጊዜ የዚያ ኩባንያ ሮኬት የላይኛው ሞተር አልነሣ ብሎት ከነጭነቱ ባሕር ገባ። ጋሼ በማግሥቱ ቤተ ሙከራ ውስጥ አግኝተውኝ ሁሉንም ነገሩኝ። የኩባንያው ሰዎች ራሳቸው ወጥተው እንደወደቀባቸው ለዓለም ተናገሩ፤ ለባለ ዕቃዎቹም ነገሯቸው፤ አሁን ደግሞ ወራትም ቢፈጅ ሞተሩን ፈትተው ጥፋቱን ሊፈልጉ ነው። ሲነግሩኝ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር። ያስደነቃቸው መተኮሱ አልነበረም። «ወደቀብን ይላሉ እኮ» አሉ፤ «በገዛ አፋቸው።»

ያኔ ይህ ምን ያህል እንደሚያስደንቅ ያልኖረበት ሰው አይገባውም። በከተማችን የሚወድቅ ነገር አልነበረም። ፋብሪካው ከዕቅድ በላይ ያመርታል፤ ገበሬው ከዕቅድ በላይ ያጭዳል፤ እኛም ተማሪዎቻችንን ከዕቅድ በላይ እናሳልፋለን። ማንበብ የማይችል ልጅ ለይቼ ባመጣሁ ቀን ርእሰ መምህሩ ውጤቱን አስተካክለሽ አምጪ ብለው መልሰውኛል። አስተካክዬ አምጥቻለሁ።

ውጤትም ሰልፍም ስብሰባም በመጨረሻ የሚደርሰው ካድሬው ዘንድ ነው። የትምህርት ቤቱ የፖለቲካ ኃላፊ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት አይሞላውም። ስለሱ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሽታው ነው። ቢሮው ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ የተጠበሰ ዓሣ አይጠፋም። እየበላ ሰው ያነጋግራል። አጥንቱን ከምላሱ ላይ አንሥቶ በተቀመጠው የሪፖርት ወረቀት ጠርዝ ላይ ይደረድረዋል። በዚያው ጣቱ የፈረመው ወረቀት ዘይት ጠጥቶ ብርሃን ያሳልፍ ነበር።

መስከረም ሲያልቅ ቢሮው አስጠራኝ። የሚቀጥለው ሳምንት የውይይት ርእስ ሳይንስ በሶሻሊዝምና በካፒታሊዝም መሆኑን ነገረኝ። ካፒታሊስቶቹ ጠፈር ላይ እንኳ ሱቅ እንደከፈቱ ከአንድ ስብሰባ ሰምቶ መጥቷል፤ ዝርዝሩን ግን አያውቅም። አንቺ ፊዚክስ ስለሆንሽ አዘጋጂ አለኝ። ከዚያ አጥንት እየለቀመ፣ ቀና ሳይል፣ የዚህን ዓመት የሶቪየት ኅብረት ዕድል ስም ዝርዝር የሚያቀርበው እሱ መሆኑን ጣል አደረገልኝ። ሌላ አላለም። እኔም ሌላ አልፈለግሁም። ከቢሮው ስወጣ የምራመደው መሬት ላይ አልነበረም።

በቀጥታ የሄድሁት ወደ ጋሼ ነው። በውይይቱ ላይ ስለዚያ ኩባንያ ልናገር መሆኑን ስነግራቸው ፊታቸው በራ። እንዴት እንደምናገር አልጠየቁኝም። ምናልባት ሊጠረጥሩኝ አልፈለጉም። ቤታቸው ወስደው ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ አስቀምጠው አስተማሩኝ። ባለቤታቸው የበቆሎ እሸት ጠብሰው ያቀርቡልናል፤ እሳቸው በበቆሎው ቆረቆንዳ የሮኬቱን ክፍሎች እያሳዩ የትኛው መጀመሪያ እንደሚነድ፣ የትኛው ተቆርጦ እንደሚወድቅ፣ ሮኬት ለማስወንጨፍ የምድር ወገብ አካባቢ ለምን እንደሚመረጥ ያስረዱኛል። በሁለተኛው ቀን ደብተሩን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። በሕይወታቸው ለሰው ያዋሱት ያኔ ብቻ እንደሆነ ባለቤታቸው ነገሩኝ።

ደብተሩን ይዤ ገባሁና «ወደቀ» የሚለውን ብቻ እየመረጥሁ ገለበጥሁ። «ወጣ» የሚለው ከሱ ብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። እሱን ዘለልሁት።

አዳራሹ ሐይቁ ዳር ነው። ነፋስ ሲመጣ የበሰበሰ ደንገል ሽታ በመስኮት ይገባል፤ ነፋስ ሲቆም የሰው ላብ ይቆያል። ሙሉ ነበር። መምህራኑ፣ የቢሮ ሠራተኞች፣ ከፋብሪካው የተጋበዙ፣ ፊት ወንበር ላይ ደግሞ ከተማው ውስጥ የሚያስተምር አንድ ሩሲያዊ። ጋሼ በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው መደዳ ላይ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ለዚያ ቀን ብለው ካፖርታቸውን ለብሰው መጥተዋል።

መጀመሪያ ላይ ከወረቀቴ ቀና ሳልል አነበብሁ። ከዚያ አንድ ቀልድ ተናገርሁና ሰው ሳቀ። የሰማይ ጋሪ ነጂዎች አልኋቸው፤ ሳንቲም ያሳወራቸው፣ መንገዱን ሳያውቁ ጅራፍ የሚያጮሁ። ሰው ይበልጥ ሳቀ። ያኔ ቀልዱ በራሱ ይመጣልኝ ጀመር። የወደቁበትን ቀን አንድ በአንድ እያነበብሁ፣ በእያንዳንዱ ላይ ትንሽ ቆም እያልሁ፣ ጋሪው ገደል ገባ፣ ጋሪው ሐይቅ ገባ፣ ፈረሱ እምቢ አለ እያልሁ ቀጠልሁ። ወደቀብን ብለው በሬዲዮ መናገራቸውን እንኳ አልማርሁትም፤ እንደ ሙሾ አውራጅ ድምፄን አቅጥኜ «ወደቀብን፣ ወደቀብን» ብዬ አስመሰልሁት። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ።

ወደ ጋሼ ተመለከትሁ። መጀመሪያ የገዛ ቀኖቻቸውን ሲሰሙ ፈገግ ብለው ነበር፤ እያረጋገጡልኝ ራሳቸውንም ይነቀንቁ ነበር። «ወደቀብን»ን ሳስመስል ግን ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ባርኔጣውን አንሥተው ጫፉን በጣታቸው ማለስለስ ያዙ። እኔ አላቆምሁም። የማቆም ጊዜ ነበረኝ፤ አንድ ገጽ ሙሉ ቀርቶኝ ነበር።

ስጨርስ ሰዎቹ ተነሥተው አጨበጨቡ፤ መፈክር ተሰማ፤ ካድሬው መድረክ ላይ ወጥቶ አቀፈኝ። ጉንጬ ላይ የቀረው ቅባት ሽታ እስከ ማታ አልለቀቀኝም። ስወርድ ሩሲያዊው በሩ ላይ ጠበቀኝ። አማርኛው የተሰባበረ ነበር። ሰው አለመኖሩን አይቶ፣ እጄን ጨብጦ፣ ፊቱ ሳይስቅ «የኛ ሮኬት ይወድቃል። ብዙ» አለኝ። «የኛ ጋዜጣ ግን ዝም።» ከዚያ ኮፍያውን አድርጎ ሄደ። ምን ማለቱ እንደሆነ ወዲያው ነው የገባኝ። እንዳልገባኝ ሆኜ ወደ ሰዎቹ ተመለስሁ።

ካድሬው ምሳ ጋበዘኝ። ሐይቁ ዳር ካለች ምግብ ቤት ተቀምጠን ሁለት ቆሮሶ ዓሣ ከነጭንቅላቱ ተጠብሶ መጣ። የዓሣውን ጉንጭ በአውራ ጣቱ ፈልቅቆ አወጣና ሳህኔ ላይ አስቀመጠልኝ፤ ክብር መሆኑ ነው። የዓሣውን ዓይን እየመጠጠ ንግግሬን አመሰገነ፤ የክፍለ ሀገሩ ሰዎች ቢሰሙት አለኝ። ከዚያ ድምፁን ሳይለውጥ ጠየቀኝ።

«እነዚያን ቀኖች ከየት አገኘሻቸው? በጋዜጣችን አልወጡም።»

ከተማርሁበት ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ብል ይበቃው ነበር። ዘንግቼዋለሁ፣ ድሮ ያነበብሁት ነው ብል ይበቃው ነበር። ሊገርፈኝ አልመጣም፤ ዓሣ እየበላ ነው የጠየቀኝ። እስከ ዛሬ ለራሴ የማልመልሰው ይህን ነው። ከነበረው ምላሽ ሁሉ በጣም የቀለለኝ እውነቱ ሆነ።

«ጋሼ ደብተር አላቸው» አልሁ። «ከሬዲዮ የሚጽፉት።»

ራሱን ነቀነቀና ሎሚ ጨመቀ። ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ። እኔም ሳህኔ ላይ ያስቀመጠልኝን የዓሣ ጉንጭ በላሁ። ጣፍጦኝ ነበር።

ደብተሩን በማግሥቱ ለጋሼ ልመልስ ብዬ ትምህርት ቤት ባለው ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። ጠዋት ስገባ መሳቢያው ተከፍቷል፤ ደብተሩ የለም። በሦስተኛው ቀን ሁለት ሰዎች መጥተው የጋሼን ሬዲዮ ከቤታቸው ወሰዱ። የሳምንቱ ስብሰባ ለሂስና ግለ ሂስ መሆኑ ተነገረን፤ ጋሼ እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ እኔ የቆምሁበት መድረክ ሥር ቆሙ። ጥፋታቸው የጠላት ሬዲዮ ማዳመጥና የጠላትን ወሬ መመዝገብ ነው ተባለ። ካድሬው ለምን እንደጻፉት እንዲናገሩ አዘዛቸው።

«ወጣ ሲሉ ወጣ ብዬ ጻፍሁ» አሉ ጋሼ። «ወደቀ ሲሉ ወደቀ ብዬ ጻፍሁ።»

ሌላ እንዲጨምሩ ተጠየቁ። ሌላ የለኝም አሉ። ቆላ ወዳለ የሰፈራ ጣቢያ ሄደው በእህል መጋዘን እንዲያገለግሉ የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ የሚደግፍ እጁን ያውጣ ተባለ። እጄን አወጣሁ። ጎኔ የተቀመጠችው የሒሳብ አስተማሪ ከእኔ ዘግይታ እንዳወጣች አስታውሳለሁ፤ ያኔም ቀድሜ በማውጣቴ እፎይ ብዬ ነበር።

ከሄዱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ወደ መምህራን መጸዳጃ ቤት ገባሁ። እዚያ ሁልጊዜ ቁርጥራጭ ወረቀት በምስማር ተሰክቶ ይንጠለጠላል፤ የድሮ ፈተና፣ የድሮ ማስታወቂያ። እጄን ስዘረጋ የጋሼን ጽሑፍ አየሁ። «ወጣ»። ከሥሩ ያለው ወረቀትም የሳቸው ነው። ደብተሩ ተበጥሶ በአራት በአራት ተቆርጦ ተሰክቷል፤ ግማሹ አልቋል። ወለሉ ላይ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ፣ ቀይ ቀለም ያለበት ቁራጭ ተጨማዶ ወድቋል። ያን ቁራጭ ለማንሣት እጄ እምቢ አለኝ። የቀረውን ከምስማሩ ነቅዬ ቀሚሴ ውስጥ ከትቼ በጓሮ ወጣሁ። ንጽሕናዬን ለመጠበቅ ብዬ ያን አንድ ቁራጭ መተዌ ከወረቀቱ ሽታ ይልቅ አቅለሸለሸኝ።

በዚያው ሰሞን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የጋሼ ባለቤት ነጠላቸውን እንደለበሱ ቤቴ መጡ። ማን እንደጠቆመ አያውቁም ነበር። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው አቤቱታ እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። እሳቸው ካንቺ በቀር የሚያምኑት የለም አሉኝ፤ ደብተራቸውን እንኳ የሰጡት ላንቺ ነው። ብዕር አንሥቼ ጻፍሁላቸው። በጣም ቆንጆ አቤቱታ ነበር። ዕድሜያቸውን፣ ሕመማቸውን፣ የረጅም ዘመን አገልግሎታቸውን ሁሉ አሳምሬ አስገባሁበት። ሳነብላቸው ባለቤታቸው አለቀሱና እጄን ሳሙኝ። እጄን አልነጠቅኋቸውም። አቤቱታውን ራሴ ለካድሬው አደረስሁት፤ ሳይከፍተው ዓሣው ያለበት መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

የሶቪየት ኅብረቱ ዕድል ጥር ላይ ከሌላ መሥሪያ ቤት ለመጣ ልጅ ተሰጠ። ካድሬው በሚቀጥለው ዓመት አለኝ። ቤቴ ገብቼ ተናድጄ አለቀስሁ፤ እንደ ተታለለ ሰው፣ እንደ ተበደለ ሰው። ከሠራሁት ሁሉ ይልቅ የዚያ ቀን ልቅሶዬ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገሸግሸኝ።

ጋሼ ግንቦት ላይ ተመለሱ። ወባ ጨርሷቸዋል፤ ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል፤ ካፖርታቸው እንደ ሌላ ሰው ካፖርት ሰፍቷቸዋል። ወደ ቤተ ሙከራው አልመለሷቸውም፤ ጀልባ መጫኛው አጠገብ ያለ መጋዘን እንዲጠብቁ ተመደቡ። ወረቀቶቹን በፖስታ አድርጌ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ወደዚያ ሄድሁ። በርጩማ ላይ ተቀምጠው ከደቅ የመጣ ማሽላ ሲራገፍ ያያሉ። እንደ ድሮው እንዴት ዋልሽ አሉኝ። ፖስታውን ሰጠኋቸው። ቁርጥራጮቹን አውጥተው ገለባበጡና ከየት እንዳገኘኋቸው ጠየቁ። ነገርኋቸው። ቁራጮቹን በየቀናቸው አስተካክለው ደረደሩ።

«ስለ ደብተሩ ለካድሬው የነገርሁት እኔ ነኝ» አልሁ።

«አውቃለሁ።»

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ከፈትሁ። እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ተማሪ ሲያርሙ እንደሚናገሩት ነበር።

«መንገርሽን ትቼዋለሁ፤ ሰው ይፈራል። መድረኩ ላይ ግን አልፈራሽም ነበር። ደስ ብሎሽ ነበር። እኔ ያየሁት እሱን ነው።»

 ከዚያ ዓይናቸውን ከጀልባው ሳያነሡ፣ እሳቸው ቆላ ሳሉ የዚያ ኩባንያ ሮኬት ተተኩሶ እንደሆነ ጠየቁኝ። አላውቅም አልኋቸው። ስምንት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ለመስማት አልሞከርሁም ነበር። «እንግዲህ ሳይወጣ አይቀርም» አሉና ወረቀቶቹን ኪሳቸው ከትተው ማሽላውን ለመቁጠር ተነሡ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ባርኔጣቸውን ያነሡልኛል፤ ቤታቸው ግን ግቢ ብለውኝ አያውቁም። ካድሬው ተሾመ፤ ከከተማው በመኪና ሲወጣ ተሰልፈን ሸኘነው። እኔ ሶቪየት ኅብረትም አልሄድሁ፣ ከባሕር ዳርም አልወጣሁ። ሳስተምር ምዕራፉ ሮኬት ላይ ሲደርስ ለተማሪዎቼ ቀመሩን ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ ሳላብራራ፣ እዘለው ነበር።

ጋሼ ማን እንደጠቆማቸው ለባለቤታቸው አልነገሯቸውም። ይህን ያወቅሁት ከቀብራቸው በኋላ ነው። ባለቤታቸው በየዓመቱ ማንጎ ሲደርስ አንድ ቅርጫት ተሸክመው ቤቴ ይመጡ ጀመር፤ ለአቤቱታው ምስጋና። እሳቸውን በሕይወት የመለሰልኝ ያንቺ ወረቀት ነው ይላሉ። የመጀመሪያውን ዓመት ማንጎውን መብላትም መጣልም አቃተኝና አልጋዬ ሥር ገፋሁት። እዚያው በሰበሰ፤ ዝንብ ወረሰው፤ ጭማቂው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ምን ሞቶብሽ ነው አሉኝ። በሁለተኛው ዓመት ሲመጡ ልነግራቸው ወስኜ ወንበር አቀረብሁላቸው፤ እትዬ፣ አንድ ነገር አለኝ ብዬም ጀመርሁ። እሳቸው ትልቁን ማንጎ ከቅርጫቱ መርጠው፣ በነጠላቸው ጫፍ ወልውለው ያዙልኝ።

«ብይ፣ ልጄ» አሉኝ፤ «መጀመሪያ ብይ።»

ተቀብዬ በላሁ።